ለአጠና የሚከፍል ከተማ ለውሃ ለምን አይከፍልም?

አዲስ አበባ ከተራራው ገበሬ በየቀኑ ዕቃ ትገዛለች። የፎቁ መወጣጫ የሚሠራበት አጠና፣ የጭቃው ቤት ማገርና ወራጅ፣ በየሰፈሩ በጆንያ የሚራገፈው ከሰል፣ ድንቹም ገብሱም ከደጋ የወረደ ነው። ለሁሉም ዋጋ ተቆርጦለታል፤ ሻጩና ገዢውም ይተዋወቃሉ። ከዚያው ተራራ የሚወርድ ሌላም ነገር አለ፤ እሱም ውሃ ነው። ለውሃ የምንከፍለው ገንዘብ የፓምፑን፣ የቧንቧውን፣ የማጣሪያ ኬሚካሉንና የሠራተኛውን ወጪ ይሸፍናል። ዝናቡ ወርዶ ወደ አፈሩ የሰረገበትን ማሳ ለሚጠብቀው ገበሬ ግን ሳንቲም አይደርሰውም። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከዚህ ይነሳል። የደጋው ገበሬ ኑሮውን ከተለወጠው አየር ጋር እያስማማ ነው፤ የሚያስማማው ግን ገበያው በሚከፍልበት በኩል ነው። ከተማው ለእንጨት ከፍሎ ለውሃ ካልከፈለ፣ ከላይ እንጨት ይበዛል፣ ከታች ውሃ ይጎድላል። ስለዚህ የታችኛው ተጠቃሚ፣ በከተማዋ ደቡብ ጫፍ አቃቂ ላይ ያለው ነዋሪና ፋብሪካ ጭምር፣ ላይኛው ገበሬ አፈርና ውሃ ለሚጠብቅበት ሥራ በሕግ የተደነገገ ዋጋ ሊከፍለው ይገባል።

ነገሩ ከማንም በፊት አቃቂን የሚመለከተው ያለምክንያት አይደለም። የአቃቂ ተፋሰስ 1,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። በሰሜን የእንጦጦ ሰንሰለት ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይጋርደዋል፤ በምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ ምሥራቅ የረር ያዋስኑታል። ከእነዚህ ከፍታዎች የሚነሳው ውሃ በትንሹና በትልቁ አቃቂ ተሰብስቦ ከተማዋን ካቋረጠ በኋላ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል፤ ከዚያም አዋሽን ይቀላቀላል። የከተማዋ የመጠጥ ውሃ ምንጭ የሆኑት የገፈርሳ፣ የለገዳዲና የድሬ ግድቦች በዚሁ ተፋሰስ ራስጌ ላይ የተሠሩ ናቸው። ከመሬት በታችም ቢሆን የውሃው ጉዞ በጥቅሉ ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው። በከፍታው ላይ የሰረገው ዝናብ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስንጥቅ እየተጓዘ ወደ አቃቂ ያዘነብላል፤ የአዲስ አበባን ጥም ከሚያስታግሱት ጉድጓዶች ብዙዎቹም እዚህ ተቆፍረዋል። ስለዚህ በእንጦጦ፣ በሰንዳፋ ወይም በወጨጫ ጥግ ያለ ገበሬ ማሳውን እንዴት እንደሚይዝ አቃቂ ላይ በሦስት መልክ ይታያል፤ በበጋ በጉድጓዱ ውሃ፣ በክረምት በጎርፉ፣ ዓመቱን ሙሉ ደግሞ ግድቡን በሚሞላው ደለል።

የአየር ንብረት ለውጡ ይህን ትስስር አጥብቆታል። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ጨምሯል። ቁጥሩ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ተራራ ላይ ግን ዲግሪ ማለት ከፍታ ነው። ሙቀቱ አንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የቆላው ተባይና በሽታ ወደ ደጋው ሽቅብ መንገድ ይከፈትለታል። ከአቃቂ ብዙም በማይርቀው በቢሾፍቱ አካባቢ የተሰበሰበ የወባ መረጃ የተተነተነበትና እ.ኤ.አ. በ2014 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣው ጥናት፣ ሞቃት በሆኑ ዓመታት በሽታው ወደ ከፍታ ቦታዎች እንደሚወጣ አሳይቷል። ዝናቡም ጠባዩን ለውጧል። በሰሜን ሸዋና በወሎ ደጋ ገብስ በበልግ ይመረት የነበረባቸው ቀበሌዎች የበልጉ ዝናብ እየዘገየ ወይም እየቀረ ሲያስቸግራቸው ቆይቷል። በ2008 ዓ.ም. በኤል ኒኞ ሳቢያ በደረሰው ድርቅ አስቸኳይ ዕርዳታ የፈለገው ሕዝብ ቁጥር ከ10 ሚሊዮን በላይ ነበር። የሚጥለው ዝናብ በድምሩ ብዙ ባይቀንስ እንኳ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ በኃይል ከወረደ ተራቁቶ በቆየ ተዳፋት ላይ ወደ አፈሩ ሳይሰርግ ጎርፍ ሆኖ ያልፋል። ለገበሬው ይህ የሰብል ኪሳራ ነው፤ ለአቃቂ ደግሞ በነሐሴ የሚሞላ፣ በየካቲት የሚደርቅ ወንዝ ነው።

የደጋው ሰው ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። «ገበሬውን እናስተምረው» የሚለው የቆየ ልማድ ይህን እውነታ ይሸፍናል። በሰሜን ሸዋ በኢነዋሪ አካባቢ መረሬ የተባለውን ጥቁር አፈር በእጅ መደብና ቦይ እያወጡ ትርፍ ውሃ ማስወገድ የምርምር ተቋማት ከመምጣታቸው በፊት የነበረ ጥበብ ነው። ተመራማሪዎች ከ1970ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ መደብና ቦይ የሚያወጣውን ቢቢኤም የተባለውን ማረሻ ሲያስፋፉ ይህንኑ አሠራር በበሬ የሚጎተት አደረጉት፤ የአቃቂ ጥቁር አፈርም ከሙከራ ቦታዎቹ አንዱ ሆኖ አገልግሏል። ገብስ ብቻ ይዘራበት በነበረ ከፍታ ዛሬ ስንዴ የሚሞክር አለ፤ የበልጉ ተስፋ የመነመነበት ሰው ቶሎ ወደሚደርስ ዘርና ወደ ድንች ዞሯል። በጋሞ ደጋ በጨንቻ በሚስዮናውያን በኩል የገባው አፕል ለብዙ ቤተሰብ ከእንሰትና ከገብስ ጎን የገንዘብ ምንጭ ሆኗል። መሬቱ የጠበበበት ወጣት ደግሞ ከተማ ወርዶ የቀን ሥራ ይፈልጋል፤ አቃቂ ቃሊቲ ለፋብሪካዎቿና ለመጋዘኖቿ ጉልበት የምታገኘው በከፊል ከዚህ ፍልሰት ነው። ይህ ሁሉ መላ ነው። ጥያቄው ገበሬው ይላመዳል ወይስ አይላመድም የሚል ሳይሆን፣ ካሉት አማራጮች መካከል የትኛው ያዋጣዋል የሚል ነው።

ከሁሉም ይበልጥ ያዋጣው የገንዘብ ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ እጦት እንዳዳነ የታወቀ ነው፤ እንጦጦንም የሸፈነው እሱ ነው። ዛሬም ከደጋው ገበሬ ደጃፍ የማይጠፋው የባንክ ደብተር ስለሚተካ ነው። ልጅ ሲታመም፣ ሠርግ ሲደርስ ወይም ሰብል ሲከዳ ቆርጦ መሸጥ ይቻላል፤ ሥሩም መልሶ ያቆጠቁጣል። በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ደግሞ አፈሩ ኮምጥጦ እህል እምቢ ሲል ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዘር መትከል ጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት ጤፉን ከችግኙ ጋር ይዘራል፤ ቀጥሎ ሣሩን ለከብት ያጭዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስላል፤ መሬቱም ለሚቀጥለው ዙር ዘር ይመለሳል። ከሰሉ በመኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል። የተራቆተው መሬት በደን ተሸፈነ፣ ለወጣቶች ሥራ ተፈጠረ፣ የቆርቆሮ ቤት በየመንደሩ በዛ። ይህን ያሰበ መሐንዲስ ወይም ሚኒስቴር አልነበረም፤ ገበሬውና የከሰል ገበያው ናቸው።

ሆኖም በአንድ ዛፍ ላይ የቆመ ኑሮ ሲናድም በአንድ ጊዜ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስንዴን ከሚመታው ዋግ ጋር የሚዛመድ በሽታ በዲከረንስ ላይ ወርዶ የአዊን ተክል ክፉኛ ጎዳ፤ ሀብቱን በሙሉ እዚያ ላይ ያፈሰሰው ቤተሰብም የሚይዘውን አጣ። ባሕር ዛፍ ደግሞ ሌላ ዕዳ አለበት። ቶሎ የሚያድግና ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ የማይረግፍ ዛፍ ከሣርና ከቁጥቋጦ የበለጠ ውሃ ይጠጣል፤ በቅርብ ርቀት ተጠጋግቶ ሲተከል ከሥሩ ሌላ ነገር አያበቅልም፣ ቅጠሉም ለማገዶ ሲጠረግ አፈሩ ራቁቱን ይቀራል። ምንጭ አጠገብ ሲተከል ምንጩን እንደሚያደርቅ ገበሬው ራሱ ይናገራል። ያም ሆኖ ይተክላል፤ አላዋቂ ሆኖ ግን አይደለም። አጠናው ሲሸጥ ብሩ ኪሱ ይገባል፤ ምንጩ ቢደርቅ የሚጎዳው ከበታቹ ያለው ሰው ነው፤ ምንጩ ቢጎለብትም የሚጠቀመው ያው የታችኛው ሰው ነው። ማንኛውም ነጋዴ በእሱ ቦታ ቢሆን የሚያደርገውን አደረገ።

መፍትሔው ክልከላ ነው የሚል ካለ የትግራይን ልምድ ይመልከት። በክልሉ በ1980ዎቹ መጨረሻ ባሕር ዛፍን በእርሻ መሬት ላይ መትከል ተከልክሎ ነበር፤ ዛፉ ግን ከገበሬው ሕይወት አልወጣም፤ ምክንያቱም ክልከላው የሚያስገኘውን ገቢ የሚተካ ነገር አላቀረበም። በአንጻሩ መሬት ተጠብቆ የቆየባቸውን ቦታዎች ብናይ፣ የሚጠብቀው ሰው ከጥበቃው ሲጠቀም እናገኛለን። የመንዝ ጓሳ ከሁሉም የሚልቅ ማስረጃ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው በዚህ ሣር ምድር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ የተባለ ሥርዓት ነበር፤ ሣሩ ለተወሰኑ ዓመታት ተዘግቶ ይቆይና በተወሰነ ጊዜ ለባለመብቶች ተከፍቶ ይታጨዳል፤ የጎጆ ክዳንና ገመድ ይሆናል፤ በድርቅ ጊዜም ለከብት መጠጊያ ይሆናል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ የርስት ባለመብትነትን ሲያፈርስ ቄሮም አብሮ ፈረሰ፤ ጓሳውም ያለ ከልካይ የሚታጨድና የሚታረስ ሆነ። ኋላ ማኅበረሰቡ በአዲስ መልክ ተደራጅቶ መልሶ ጠበቀው፤ ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው። ሥርዓቱን ለዘመናት ያቆመው ቅጣቱ ብቻ አልነበረም፤ ተራው ሲደርስ የሚታጨደው ሣር ነበር።

መንግሥትም ሥራ አልሠራም ማለት አይቻልም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በምግብና በገንዘብ ክፍያ ብዙ እርከን አሠርቷል። ከዚያ በኋላ በተፋሰስ ልማት ዘመቻ ገበሬው በየዓመቱ በጥር አካባቢ ለሳምንታት ያለ ክፍያ ወጥቶ ይሠራል። በትግራይ አብርሃ ወአጽብሃ መራቆቱን ተቋቁሞ ጉድጓዱን ያስሞላ መንደር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2012 የኢኩዌተር ሽልማት ተቀብሏል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር በየክረምቱ ችግኝ ያስተክላል። ችግሩ ከተሠራ በኋላ ያለው ነው። እርከን ተሠርቶ ካልተጠገነ በሁለት ክረምት ይፈርሳል፤ ችግኝ ተተክሎ ጠባቂ ካጣ ፍየል ይበላዋል። ለተከላው ዘመቻ አለ፣ ካሜራም አለ፤ ለጥገናውና ለጥበቃው ግን ማንም አይከፍልም፤ በመሠረቱ ውሃ የሚያስገኘው ደግሞ ይኸኛው ነው።

የዚህ ቸልታ ዋጋ ከታች በግልጽ ይታያል። በኢትዮጵያ ደጋ በታረሰ መሬት ላይ በአማካይ በዓመት ከሄክታር 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ የአፈር ጥበቃ ተመራማሪው የሃንስ ሁርኒ የታወቀ ግምት ያስረዳል። ይህ አፈር ጠፍቶ አይጠፋም፤ ግድብ ውስጥ ይተኛል። በ1952 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ ከመያዝ አቅሙ ቀላል የማይባል ክፍል በደለል አጥቷል። የጎንደር ከተማን የሚያጠጣው የአንገረብ ግድብ ከታሰበለት ዕድሜ ቀድሞ በደለል ተጨንቋል። የለገዳዲ ውሃ በሸክላ አፈር ድፍርስ ስለሚሆን ለማጥሪያ ኬሚካል ብዙ ወጪ ይጠይቃል። በአቃቂም አባ ሳሙኤል አለ። ከአገሪቱ ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነው ይህ ግድብ ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ከኖረ በኋላ በ2009 ዓ.ም. ታድሶ 6.6 ሜጋ ዋት ማመንጨት ጀምሯል፤ ሐይቁ ግን ከላይ የሚመጣውን ደለል፣ ቆሻሻና እምቦጭ መቀበሉን አላቆመም። እንግዲህ ለውሃው ምንጭ አልከፈልንም ማለት አንችልም። እየከፈልን ነው፤ የምንከፍለው ግን ለኬሚካል፣ ለደለል ጠረጋ፣ ለአዲስ ግድብና እየጠለቀ ለሚሄድ ጉድጓድ ነው።

ሌሎች ከተሞች ሒሳቡን ቀድመው ሠርተውታል። ኒውዮርክ ውሃዋን የሚልክላት የተራራ ገበሬ ማሳውን እንዲጠብቅ ከተማዋ ወጪውን እንድትሸፍን እ.ኤ.አ. በ1997 ተዋዋለች፤ ማጣሪያ ብትሠራ ይፈጅባት የነበረው በብዙ ቢሊዮን ዶላር ይቆጠር ነበር። ያቺ ሀብታም ከተማ ናት የሚል ካለ ወደ ኪቶ ይዙር። የኢኳዶር ዋና ከተማ እንደ አዲስ አበባ ደጋ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ውሃዋ የሚመጣውም እረኞችና ገበሬዎች ከሚኖሩበት የአንዲስ ሣር ምድር ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ለውሃ ጥበቃ ፈንድ አቋቋመች፤ በኋላም የከተማዋ የውሃ ድርጅት ከሽያጩ 2 በመቶ ለፈንዱ እንዲያስገባ በከተማ ደንብ ተወሰነ። የኤሌክትሪክ ድርጅትና ቢራ ፋብሪካም አባል ሆነዋል። እኛም ጋ መነሻ አለ። በወላይታ ሁምቦ ተራራ ላይ 2,728 ሄክታር የተራቆተ መሬት በሰባት ኅብረት ሥራ ማኅበራት እጅ ከጉቶ እንዲያገግም ተደርጎ፣ ደኑ ለያዘው ካርቦን የዓለም ባንክ ፈንድ ክፍያ ፈጽሟል። ከውቅያኖስ ማዶ ያለ ገዢ ለማይታይ አየር ለሁምቦ ገበሬ ከከፈለ፣ አቃቂ በየቀኑ ለሚጠጣው ውሃ መክፈል የሚያቅትበት ምክንያት የለም።

በአቃቂ ተፋሰስ ይህ ምን ሊመስል ይችላል? የመጀመሪያው ገንዘቡን ማሰባሰብ ነው። የኪቶን ልክ ብንወስድ ከ100 ብር የውሃ ሽያጭ 2 ብር ወደ ተፋሰስ ፈንድ ይገባል። ከዚያ ይበልጥ ትርጉም የሚኖረው ግን የራሳቸውን ጉድጓድ ቆፍረው የሚያመርቱ ፋብሪካዎች፣ የውሃ ማሸጊያዎች፣ ሆቴሎችና የአበባ እርሻዎች በሚያወጡት ሜትር ኩብ ልክ ሲከፍሉ ነው። ሕጉ ይህን አይከለክልም፤ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለውሃ አጠቃቀም ክፍያ መሰብሰብ እንደሚቻል የደነገገ ነው፤ በአዋሽ ተፋሰስም የመስኖ እርሻዎች አነስተኛ ቢሆንም ክፍያ ሲከፍሉ ኖረዋል። ሁለተኛው ገንዘቡ የሚደርስበት ሰው ነው። በእንጦጦ፣ በወጨጫና በለገዳዲ ራስጌ ያሉ ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ውል ይገባሉ፤ ገደል አፋፍንና የምንጭ ራስን ከእርሻና ከባሕር ዛፍ ነፃ ለማድረግ፣ እርከን ለመጠገን፣ ሣርና አገር በቀል ዛፍ ለማቆየት። ሦስተኛው መለኪያው ነው። የሚከፈለው በተተከለ ችግኝ ብዛት ሳይሆን በበጋ ተሸፍኖ በቆየ መሬት፣ በምንጩ የደረቅ ወራት ፍሰትና በወንዙ ደለል መጠን ነው። ይህን የመለካት ችሎታ ከውጭ አይመጣም፤ በአንዲት ጥድ፣ በአንጀኒና በማይባር የምርምር ጣቢያዎች ከ1970ዎቹ ጀምሮ አፈርና ፍሰት ሲለካ ኖሯል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከውሃ ቆጣሪው በኩል ይመጣል። ኑሮ በተወደደበት ጊዜ፣ ቧንቧው በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ በሚመጣበት ሰፈር፣ ለተራራ ገበሬ ተጨማሪ ክፈሉ ማለት ግፍ ነው ይባላል። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ መልሱም በአከፋፈሉ ውስጥ ነው። የከተማዋ የውሃ ታሪፍ ብዙ የተጠቀመ በከፍተኛ ዋጋ እንዲከፍል በእርከን የተሠራ ነው፤ ዝቅተኛውን እርከን ከአዲሱ መዋጮ ነፃ ማድረግ ይቻላል። ከዚህም በላይ ቧንቧ በማይመጣበት ቀን ከጀሪካን ሻጭ የሚገዛው ድሃው ነው፤ እሱ ለውሃ እጥረት ከማንም በላይ እየከፈለ ነው። ምንጩን የሚያጎለብት ወጪ ለእሱ ዕዳ አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ዛሬ ሸክሙን ለብቻው የያዘው ላይኛው ገበሬ ነው፣ ለሚሊዮኖች ሲከፋፈል ግን ከባድ አይሆንም።

ሁለተኛው ጥርጣሬ ገንዘቡ መንገድ ላይ ይቀራል የሚል ነው። በስብሰባ አበል፣ በመኪና ነዳጅና በባነር ስም ፈንድ ሲያልቅ ያየ ሕዝብ ይህን ቢል አይፈረድበትም። ለዚህም ነው ፈንዱ የአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ መሆን የሌለበት። ከፋዩና ተከፋዩ በእኩል ድምፅ የሚቀመጡበት ቦርድ፣ በየዓመቱ ይፋ የሚወጣ የውጭ ኦዲት፣ በሕግ የተቆረጠ የአስተዳደር ወጪ ጣሪያ ያስፈልገዋል። ክፍያው በገበሬው ማኅበር የባንክ ሒሳብ በቀጥታ ቢገባና የገባው መጠን በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ፣ ስንት መጣ ስንት ወጣ ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። የሙስና ስጋት ያለ ክፍያ ለመቀጠል ምክንያት ከሆነ፣ በየዓመቱ ለደለል ጠረጋና ለኬሚካል ግዥ በሚወጣው ገንዘብ ላይም ያው ስጋት እንዳለ መዘንጋት የለበትም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከባለሙያዎች ይመጣል፤ ደን ውሃ ያመጣል የሚለው አስተሳሰብ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም ይላሉ። ትክክል ናቸው። በተራቆተ መሬት ላይ ቶሎ አዳጊ ዛፍ በብዛት መትከል የወንዙን ዓመታዊ ፍሰት ሊቀንሰው ይችላል። ይህ ግን ክርክሬን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። የምንከፍለው ለዛፍ ቢሆን ኖሮ ባሕር ዛፍ ተክሎ ክፍያ የሚጠይቅ በበዛ ነበር፤ የሚከፈለው ዝናቡ ወደ አፈር እንዲገባ ለሚያደርግ ሥራ መሆን ያለበት ለዚህ ነው። በአንዳንድ ቦታ ይህ ጽድና ኮሶ ሊሆን ይችላል፤ በሌላው የተከለለ ሣር፣ በሌላው እርከንና የመረሬ ቦይ። አጠናም ጨርሶ ይጥፋ አይባልም። ከተማው እስከገነባ ድረስ አጠና ይፈልጋል፤ ከምንጭና ከገደል ርቆ፣ በተመረጠ ቦታ ይተከል። ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ልጆቻቸውን ያሳደጉ እናቶችም አሉ፤ ደኑ ሲከለል ኑሯቸው የሚጎድለው የእነሱ ስለሆነ፣ ከፈንዱ ተጠቃሚዎች ዝርዝር መጀመሪያ ላይ መቀመጥ አለባቸው።

አራተኛው ጥያቄ፣ የአቃቂን ወንዝ የመረዘው የደጋ ገበሬ ነው ወይ የሚል ነው። አይደለም። የቆዳ ፋብሪካው፣ የጨርቃ ጨርቁ፣ የጋራዡና የመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽ ነው። በአቃቂና በሌሎች የወንዝ ዳርቻዎች በዚህ ውሃ የሚለማው ጎመንና ሰላጣ ከባድ ብረቶችን እንደሚይዝ ተመራማሪዎች ከ20 ዓመት በፊት ጀምረው አሳውቀዋል። የከተማው ዕዳ ለከተማው ነው፤ የሚበክል ፋብሪካ ማጣሪያ ይሥራ፣ ካልሠራ ይቀጣ። የተፋሰሱ ፈንድ የብክለት ቅጣት ምትክ ሆኖ እንዳያገለግል በሕጉ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። ነገር ግን ሁለቱ ዕዳዎች አይሰራረዙም። ንጹሕ የሆነ ግን በየካቲት የሚደርቅ ወንዝም፣ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ግን የተመረዘ ወንዝም አቃቂን አይጠቅሟትም። ተጠቃሚው በአዲስ አበባ፣ ጠባቂው በአብዛኛው በኦሮሚያ አስተዳደር ሥር መሆኑም እንቅፋት ተደርጎ ይነሳል። ውሃ የአስተዳደር ወሰን አያውቅም፤ ለገዳዲና ገፈርሳም እስከ ዛሬ ወሰን ተሻግረው ከተማዋን ሲያጠጡ ኖረዋል። ልዩነቱ ውሃው ሲሻገር ገንዘቡ አለመሻገሩ ነው። ዙሪያው ያለው ገበሬ ግድቡ ከመሬቱ ላይ ተሠርቶ ከጥቅሙ ሳይካፈል ሲቀር የሚሰማውን ቅሬታ በንግግር ማብረድ አይቻልም፤ በውል የተረጋገጠ ድርሻ ግን ያበርደዋል።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሁሉም ጥልቅ ነው። ገበሬው የራሱን ማሳ ለራሱ ሲል ይጠብቅ፤ ከከፈልነው ያለ ክፍያ አካፋ የማያነሳ እናደርገዋለን ይባላል። ገበሬው ለራሱ የሚበቃውንማ ይሠራል፤ ለመጪው ዓመት እህል የሚያስፈልገውን ያህል አፈር ይጠብቃል። አቃቂ የምትፈልገው ግን ከዚያ በላይ ነው። የገደሉ አፋፍ ሳይታረስ እንዲቀር ትፈልጋለች፤ ለገበሬው ያ የአንድ ጥማድ ድንች ማጣት ነው። የምንጩ ራስ ከባሕር ዛፍ ነፃ እንዲሆን ትፈልጋለች፤ ለእሱ ያ የሴት ልጁ የትምህርት ቤት ወጪ ነው። ይህን ትርፍ በነፃ መጠየቅ ከድሃው ወደ ሀብታሙ ድጎማ ማድረግ ነው። ክፍያው ምጽዋት ሳይሆን ለተሰጠ አገልግሎት የሚከፈል ዋጋ ከሆነ፣ ጥገኝነትን ሳይሆን የገቢ አማራጭን ይፈጥራል፤ ዝናብ በቀረበት ዓመት ጎተራው ባዶ ቢሆንም የውሉ ክፍያ ስለሚመጣ ዛፉን ሳይቆርጥ፣ በሬውን ሳይሸጥ እንዲከርም ያስችለዋል። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለ። ነገ መሬቱ ለከተማ መስፋፋት ወይም ለኢንቨስትመንት እንደማይወሰድበት ያላመነ ገበሬ ለ20 ዓመት የሚዘልቅ ሥራ አይጀምርም። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ በተፋሰሱ ራስጌ ላይ እውነተኛ ዋስትና እንዲሆን፣ የአዲስ አበባና የሸገር ከተማ የመስፋፊያ ፕላኖች የውሃ ራስጌዎችን ከግንባታ ነፃ አድርገው ማስቀመጥ አለባቸው።

ስለዚህ ጥያቄው ለሚመለከታቸው በቀጥታ ይቅረብ። የከተማው አስተዳደር በሚቀጥለው የታሪፍ ክለሳ የተፋሰስ መዋጮን ከዝቅተኛው እርከን በስተቀር በሁሉም ላይ ያካትት። የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር በአቃቂ ተፋሰስ የራሳቸውን ጉድጓድ የሚጠቀሙ ድርጅቶች ሁሉ ቆጣሪ እንዲኖራቸው ያድርግ፤ ያልተለካ ውሃ አይከፈልበትምና። የኦሮሚያ ክልልና አዲስ አበባ በጋራ ቦርድ ላይ ይስማሙ። ለመጀመር መላው ተፋሰስ አያስፈልግም፤ በለገዳዲ ራስጌ ባሉ ጥቂት ቀበሌዎች ላይ ለአምስት ዓመት ሞክሮ ደለሉንና የማጣሪያ ወጪውን ከማይከፈልባቸው አጎራባች ቀበሌዎች ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ውጤት ካላመጣ ይቆማል፤ ካመጣ ይስፋፋል። እስከዚያው ግን የደጋው ገበሬ አጠናና ከሰል ለምን በዛ ብለን ከመውቀሳችን በፊት፣ ከእሱ ምን እየገዛን እንደሆነና ምን እንዳልገዛነው ደረሰኛችንን አውጥተን እንመልከት።